ኔጌቲቭ ሃያ ላይ አንድ ሲደመር

ጅማ 12ኛ ክፍል እያለሁ ፊዚክስ ፈተና ላይ የሳትኳት አንዲት ስሌት ዛሬም ታበግነኛለች። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

በሳይንቲፊክ ኖቴሽን (ከ1 ጀምሮ ከ10 በታች የሆነ ቁጥር በ10 ፓወር ተባዝቶ) የተጻፉ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው። የፊት ቁጥሮቹን ታባዛላችሁ፣ የ10ን ፓወሮች ትደምራላችሁ። ብርሃን በሰከንድ 3 × 10⁸ ሜትር ይሄዳል። ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 500 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 5 × 10² ይፈጅበታል። ሲባዛ 15 × 10¹⁰። 15 ከ10 ስለሚበልጥ ይስተካከልና 1.5 × 10¹¹ ሜትር ይሆናል። አለቀ።

እኔን ያስበላኝ ይኸው "ይስተካከልና" ያልኳት ነገር ናት። አስተማሪያችን "ነጥቡን ወደ ግራ ስትወስዱ ፓወሩን በ1 አሳድጉ" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ሸመደድን። ምሳሌዎቹ በሙሉ ፖዘቲቭ ነበሩ። አንድ ኔጌቲቭ ቢያሳየን ምን ነበረበት?

ፈተናው ላይ የአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኢነርጂ መጣ፤ የፕላንክን ቋሚ ቁጥር በፍሪኩዌንሲው ማባዛት ነው። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር 6.63 × 10⁻³⁴፣ ፍሪኩዌንሲው 6 × 10¹⁴። 6.63 በ6 ሲባዛ 39.78። −34 እና 14 ሲደመሩ −20። እስከዚህ አንድም አልሳትኩም። ከዚያ "አሳድጉ" ተብለን የለ? 20ዋን 21 አድርጌ አሳደግኳት! 3.978 × 10⁻²¹ ጁል ብዬ፣ ከሥሩም ሁለቴ አስምሬበት አስረከብኩ። ትክክለኛው 10⁻¹⁹ ነው። መልሴ 100 እጥፍ አንሷል። ዜሮ። ለአሠራሩ እንኳ ግማሽ ማርክ አልሰጠኝም።

ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው። እናቴ ጅማ መርካቶ ሱቅ ነበራት፤ የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። 20 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 1 ብር ሲከፍል (ያኔ 20 ብር ብር ነበር) 21 ብዬ ጽፌ አላውቅም። ብጽፍማ ደንበኛው አንገቴን ይይዘኝ ነበር። ያው ስሌት በፊዚክስ በኩል ሲመጣ አላወቅሁትም።

ስለዚህ ግራ ቀኝ የሚለውን ነገር ተዉት። 39.78ን ለብቻው 3.978 × 10¹ ብላችሁ ጻፉና ሦስቱንም ፓወር በአንዴ ደምሩ፦ −34 + 14 + 1 = −19። አንድ መስመር ይጨምራል፣ ይጨምር።

ካልኩሌተር የምትጠቀሙ ደግሞ "ኤክስፕ" የሚለው ቁልፍ ራሱ "ሲባዛ በ10 ፓወር" ማለት ነው። ከሱ በፊት "× 10" ከነካችሁ መልሱ 10 እጥፍ ያብጣል።

ዘዴዬን ለአስተማሪው ወስጄ አሳየሁት። አየት አደረገና "መጽሐፉ ላይ እንደዚህ አይልም" ብሎ መለሰልኝ።