ሻዩን ከምግብ ያራቅኩበት ዓመት

ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ጠዋት ስነሳም ድካም፣ ማታም ድካም። የእንቅልፍ ማነስ ነው እያልኩ ወራት አሳለፍኩ። በመጨረሻ ደም ስመረመር የብረት እጥረት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ገረመኝ። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ከቤቴ ጠፍተው አያውቁም።

ሐኪሟ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ካጣራች በኋላ የብረት ኪኒን አዘዘችልኝ። ከዚያ «ምግብ በልተሽ ስትጨርሺ ምን ትጠጪያለሽ?» አለችኝ። ሻይ ነዋ። ገና ሳህኑ ሳይነሳ፣ ትኩስ ትኩሱን።

ለካ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ እንደ ታኒን ያሉ ነገሮች ደግሞ ያንኑ ብረት ይዘው አንጀት እንዳይመጠው ያደርጉታል። ቫይታሚን ሲ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ብረቱን ያስገባል። ይህን ማንም ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ስለዚህ መጀመሪያ የለወጥኩት ምግቡን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ተኩል አራቅኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ፤ እጄ ሳላስበው ወደ ማንቆርቆሪያው ይሄድ ነበር። ምስሩ ላይም ሎሚ መጭመቅ ጀመርኩ። የምጨምቀው ከእሳት ካወረድኩት በኋላ ነው፣ ሙቀት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፋ።

ከዚያ የማሸጊያ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት የምበላው ፍራፍሬ ያለበት እርጎ ነበር። «በ100 ግራም 13 ግራም ስኳር» ይላል። ቀላል መሰለኝ። ዕቃው ግን 200 ግራም ነው፣ እኔም የምጨርሰው ሙሉውን ነው። ስለዚህ 26 ግራም። ስኳር አውጥቼ በሻይ ማንኪያ ሳህን ላይ ሰፈርኩት፤ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል። ስድስት ማንኪያ ተኩል ሆነ። የወተቱን የራሱን ስኳር፣ ሲሦውን ያህል፣ ብቀንስለት እንኳ አራት ማንኪያ ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ነው፤ የወተቱ የራሱ ስኳር አይቆጠርም። ሲሦው በቁርስ አለቀ ማለት ነው። ያ የስኳር ክምር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አሁን ነጭ እርጎ ገዝቼ ሙዝ እቆርጥበታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የማሸጊያው ዝርዝር የሚጻፈው ከክብደት አንጻር ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ስኳር ሁለተኛ፣ ፍሬው አራተኛ ከሆነ ፊት ለፊት ያለው የእንጆሪ ሥዕል አያታልላችሁ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። በአንድ ቀን ሁሉንም ለመለወጥ ሞከርኩ፤ አሥር ቀን አልቆየም። ባቄላና ሽምብራውን በአንዴ ስላበዛሁትም ሆዴ ተነፋ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) ቀስ በቀስ ነው የሚጨመር፣ ውኃም ይፈልጋል። ጨውን ግን ሳላስበው ቀነስኩት፣ ሎሚው ስለተካልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ብረቱ ከፍ አለ። ያ በዋናነት የኪኒኑ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔን ያስደሰተኝ የሚቀጥለው ነው። ኪኒኑን ካቆምኩ ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ስመረመር ብረቱ አልወረደም።