ቤት ልከራይ ብዬ ዋስ ፍለጋ

ዛሬ ቁልፉን ተረከብኩ። እፎይ! ከእንግዲህ የዶርም ኩሽና ወረፋ የለም፤ ሽሮ ሳበስል አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍም የለም። ስለ ደስታው ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ዛሬ ሳልረሳው ጣጣውን ላስፍር።

የምኖርባት ሉብሊን ምሥራቅ ፖላንድ ውስጥ፣ ወደ ዩክሬን ድንበር ጠጋ ብላ ያለች፣ ከ300 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲ ናት። ትምህርት የሚጀመረው ኦክቶበር ላይ ስለሆነ ሴፕቴምበር ላይ ቤት መፈለግ ማለት በበዓል ዋዜማ ዶሮ እንደመግዛት ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅ አፍህን እስክትከፍት ሌላው ይዞት ይሄዳል።

ሰፈር ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ደላላ እዚህ የለም፤ ሁሉም ነገር ኦኤልኤክስና ኦቶዶም የሚባሉ የማስታወቂያ ድረ ገጾች ላይ ነው። ማስታወቂያው 1,600 ዝሎቲ ይላል። ስትደውል ግን ይህ ለባለቤቱ የሚከፈለው ብቻ መሆኑ ይነገርሃል። በላዩ ላይ "ቺንሽ" የሚሉት አለ፤ ለሕንፃው አስተዳደር የሚገባ፣ ለማሞቂያው፣ ለቆሻሻው፣ ለደረጃ ጽዳቱ። መብራትና ጋዝ ደግሞ ለብቻው እንደ ቆጣሪው። ተደምሮ ወደ 2,300 ይጠጋል፤ የአንድ ወር መያዣም አለ። አገሬው ሁሉ ለምዶታል፣ ማንም አይቆጣም። ግን ደምሮ ቢጽፈው ምን ነበረበት?

ገንዘቡስ እሺ፣ ሠርቼ እከፍላለሁ። ያንገላታኝ ወረቀቱ ነው።

ፖላንድ ውስጥ ተከራይን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማስወጣት አይቻልም፣ ውሳኔው ከመጣ በኋላም ነገሩ ይጓተታል። አከራዮች ይህን ስለሚፈሩ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የገባ "ናየም ኦካዚዮናልኒ" የሚባል ልዩ ውል ይወዳሉ። በዚህ ውል ተከራዩ ኖታሪ (የኛ ውልና ማስረጃ ማለት ነው) ፊት ቀርቦ "ውጣ ስባል ካልወጣሁ በግድ አስወጡኝ" ብሎ ይፈርማል። ይሁን። ግን በዚህ አያበቃም። ከቤቱ ቢወጣ የት እንደሚገባ አድራሻ ማቅረብ አለበት፤ የዚያ ቤት ባለቤት ወይም በቤቱ ላይ ሕጋዊ መብት ያለው ሰውም "አዎ፣ እኔ ጋ ይገባል" ብሎ በጽሑፍ መስማማት አለበት።

እስቲ አስቡት። ቤት ያለው ዘመድ ቢኖረኝ መጀመሪያውኑ ምን አንከራተተኝ? የማውቃቸው አበሾች በሙሉ እንደኔው ተከራይ ናቸው፣ ተከራይን ደግሞ ዋስ አድርጎ የሚቀበል አከራይ አላገኘሁም። አንዳንዱ አከራይ የውጭ ዜጋ መሆኔን ሲሰማ "ቤቱ ተይዟል" ይላል፤ ማስታወቂያው ግን ከሳምንት በኋላም እዚያው አለ። ሌላው በትህትና "አድራሻ አለህ?" ይለኛል። የለኝም ስል ስልኩ ይዘጋል።

በመጨረሻ ያወጡኝ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት ናቸው። ቤታቸው ሽቪድኒክ ነው፣ ከሉብሊን አጠገብ ያለችው የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ከተማ። የሚያውቁኝ ለእነሱ ፋሲካ ሲጋብዙኝ ነው። ዙሬክ የሚሉት ሾርባቸው እንቁላልና ቋሊማ ነበረበት፣ የኛ ሁዳዴ ደግሞ ገና አላለቀም፤ ዳቦ ብቻ በልቼ ሄድኩ። ቅር ብሏቸው ይሆናል ብዬ ስሳቀቅ ነበር። ልጃቸው የኔን ነገር ሲያነሳላቸው ግን "ሰው ቤት ሄዶ የሚጾም ልጅ ቤት አይሰብርም፣ እፈርምለታለሁ" አሉ አሉኝ።

የኖታሪ ቢሮ እዚህ የግል ነው። ፖላንድኛዬ ከገበያ ስለማያልፍ ሕጋዊ አስተርጓሚ በራሴ ወጪ ይዤ ሄድኩ። ኖታሪዋ ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፣ አስተርጓሚው ከሥር ከሥር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የባልደረባዬ እናት ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው በጥሞና ያዳምጣሉ። ድንገት አቋረጧት። "ብርድ ልብስ ይዞ ነው የሚመጣው ወይስ እኔ ላዘጋጅ?" ኖታሪዋ ሳቋን ለመደበቅ ሳለች።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት ጡረተኛ ናቸው፣ ቤቱም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ርክክቡ ላይ የውሃውን፣ የጋዙን፣ የመብራቱን ቆጣሪ በስልክ ፎቶ አነሱ፣ የሶፋውን ጭረት መዘገቡ፣ ማንኪያ ሳይቀር ቆጥረው ሁለታችንም ፈረምን። ይህን ወደድኩት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስለቅ፣ ከመግባቴ በፊት በነበረ የተሰነጠቀ መስታወት ተጨቃጭቄያለሁ። እዚህ መያዣው በለቀቅሁ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት፣ ሕግ ነው።

አሁን የቀረችኝ ስጋት አንዲት ናት። በውሉ መሠረት ያ የሽቪድኒክ አድራሻ ከእጄ ከወጣ በ21 ቀን ውስጥ ሌላ ማምጣት አለብኝ። ባልደረባዬ ደግሞ እናቱን "ቤቱን ሽጪውና እኔ ጋ ነይ" እያላቸው መሆኑን ዛሬ ቁልፉን እያሳየሁት ነገረኝ። ሰኞ ምሳ ልጋብዘው ነው፤ ሽማግሌ መላክም ካስፈለገ እልካለሁ።