ባትሪው ምን አደረገ?

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ላይ፣ በተለይ ኤሌክትሪኩን። ባለፈው ክረምት አንድ አባት የልጃቸውን ባለአራት ጎማ ሞተር፣ ያቺን ትንሿን 110 ሲሲ፣ ከፍኖተ ሰላም በአይሱዙ አስጭነው አመጡልን። ቁልፏ ሲከፈት መብራቷ ይበራል። ማስነሻውን ስትጫነው ግን ሪሌው (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው) ተተተተ ይላል እንጂ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ አይዞርም።

"ባትሪ ነው ብለውኝ አዲስ ገዛሁ፣ ያው ናት" አሉኝ። ዕቃ እየቀያየሩ ብልሽት መፈለግ በጣም ያናድደኛል፣ የሰው ገንዘብ እኮ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ድምፁን እንደሰማ "ይሄም ባትሪ ደካማ ነው" አለ። አልፈረድኩበትም፣ ያ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ድምፅ ነው።

ቴስተር አምጣ አልኩት። ባትሪው እንዲሁ ሲለካ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ማስነሻውን እየተጫንን እዚያው ባትሪው ላይ ስንለካም ከ12 አልወረደም። ደካማ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው ሲጠይቀው ወደ 9 እና ከዚያም በታች ይወድቅ ነበር። ካልወደቀ ባትሪው ለመስጠት ዝግጁ ነው፣ መንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ።

የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገን እንደገና ተጫንን። ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መስመር፣ ጤነኛ ከሆነ እዚህ መሃል ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም። የኛ 8 አልፎ ይዘላል። ሪሌው ሲገናኝ ሞተሪኖው ይጠይቃል፣ ማሳው አይችልም፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሪሌው መልሶ ይለቃል፤ ተተተ የሚለው ለዚህ ነው።

የማሳውን ብሎን ፈታነው። ከገመዱ ጫፍ ስር የቻሲው ቀለም እንዳለ ነው። የሚነካው ጠርዙ ብቻ ነው፣ እሱም በውሃ ብዛት አረንጓዴ ሆኗል። እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ አጥብቀን አስረን፣ ከላይ ግሪስ ቀባነው። ወዲያው ተነሳች።

አባትየው ሊያስጭኑ ሲሉ ነው ሌላውን ያየሁት። ከኛ በፊት የነካት ሰው የፍሬኑን ስዊች ሁለት ሽቦ አገናኝቶ በፕላስተር ጠቅልሎታል፤ ፍሬን ሳይያዝ ትነሳለች ማለት ነው። ልጁ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው፣ ከኋላ ያለው የገመድ ማጥፊያም ሽቦው ተቆርጧል። እንዲህ ዓይነቷ ሞተር የምትጠፋው ያ ሽቦ ማሳ ሲነካ ነው፤ ከተቆረጠ ገመዱ ቢነቀልም መሄዷን ትቀጥላለች።

"ከተነሳች ምን ቸገረኝ፣ ልጁ እየጠበቀኝ ነው" አሉ።

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ ሆና ለልጅ አልሰጥም።"

ተቆጡ። ብልሽት ለመፈለግ ብሎ ለጊዜው ማገናኘት ያለ ነው፣ እንደዚያው ትቶ መስጠት ግን ልጅ ላይ መፍረድ ነው። ሞተሯን አስነስቼ ገመዱን በገዛ እጃቸው እንዲነቅሉት አደረግኩ። ልክ እንደነበረች ትጮኻለች። ከዚያ በኋላ "በል ሥራው" ብቻ ነው ያሉኝ።

ስዊቹን በቴስተር ስንፈትሸው ምንም አልሆነም፣ ፍሬን ሲያዝ ይገናኛል፣ ሲለቀቅ ይለያያል። የስዊቹንም የማጥፊያውንም ሽቦ ወደ ቦታው መልሰን ሞከርናት፤ ፍሬን ካልተያዘ አትነሳም፣ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው ትጠፋለች። ተጣለ የተባለውን አሮጌ ባትሪም ይዘውት መጥተው ስለነበር ቻርጅ ላይ አደረግነው። በማግስቱ ሞተሪኖውን ያለ ችግር አዞረው፣ ለመጠባበቂያ ይሆነኛል ብለው ይዘውት ተመለሱ።