ሦስት ልጅ፣ አንድ አስተማሪ፦ የቤት ትምህርት ካሪኩለም አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት ለማስተማር የወሰኑ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከካታሎግ ነው። ለኪንደርጋርደኑ አንድ ሙሉ የካሪኩለም ሳጥን (የዓመቱ መጽሐፍና መመሪያ) ይታዘዛል፣ ለሦስተኛ ክፍሏ ሌላ፣ ለስድስተኛ ክፍሉ ሌላ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም። ጣጣው የሚመጣው ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈቱ ነው፤ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ሰዓት የወላጅ ጊዜ ከጠየቀ ስድስት ሰዓት ሞላ፤ ምሳው፣ ልብሱና ሌሊት ሠርቶ የገባው አባት እንቅልፍ ገና አልተቆጠረም። ካሪኩለም ሲመረጥ ከዋጋው በፊት መቆጠር ያለበት የወላጁ ደቂቃ ነው።

ከዚያም በፊት ግን የምትኖሩበትን ስቴት ሕግ እዩ። ቤት ማስተማር በ50ውም ስቴቶች ይፈቀዳል፤ የሚጠየቀው ነገር ግን ይለያያል። ቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያና የሚያስተምሩትን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ይፈልጋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ግምገማ ይጠበቃል። ሜሪላንድ ከመጀመር 15 ቀን በፊት ማሳወቅን ይጠይቃል። እዚያ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) የትምህርት ቢሮ ሥር የሚያስተምር ቤተሰብ ስምንት ትምህርቶችን ማስተማር አለበት፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ሊያይ ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ማሳወቂያ የለም። ይህ ለምርጫው ለውጥ ያመጣል፤ ሜሪላንድ ላይ ሁሉን ነገር በቪዲዮና በቃል የሚጨርስ ካሪኩለም የገዛ ሰው፣ ገምጋሚው ሲመጣ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። በየሳምንቱ ከየትምህርቱ አንድ ገጽ ቀን ጽፎበት ማስቀመጥ ይበቃል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ካታሎጉን ዝጉት፤ እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው፣ ቤት ማስተማር ምትክ ሆኖ አይቆጠርም።

የ5፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች ያሉበትን ቤት እንያዝ። ሒሳብ፣ ንባብና ጽሕፈት እንደ ደረጃ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚወጡ ለየልጁ ለየብቻ ይመረጣሉ። ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ፣ ሃይማኖት፣ ሥዕልና ሙዚቃ ለሁሉም ባንድነት ይያዛሉ። የ8 ዓመቷ ስለ እሳተ ገሞራ ሳትማር ስለ ጥንት ግብፅ ብትማር የሚጎድልባት ነገር የለም፤ ማባዛት ሳትችል ማካፈል ከጀመረች ግን ይጎድልባታል።

ሒሳብ ላይ ልግባ፤ ብዙ እንባ የሚፈስበት እሱ ነው። ልጁን በዕድሜው አትመድቡት። ሳክሰን፣ ሲንጋፖር ማዝ እና ማዝ ዩ ሲ የሚባሉት የሒሳብ ካሪኩለሞች ሦስቱም በነፃ የሚገኝ ፕሌስመንት ቴስት (ልጁ ከየትኛው ደረጃ እንደሚጀምር የሚያሳይ ፈተና) አላቸው፤ ሳትረዱት፣ ሳትጠቁሙት አሠሩትና ውጤቱ በሁለት ደረጃዎች መካከል ከሆነ ዝቅ ያለውን ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት የሚያለቅስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ጠልቶ አይደለም፤ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ስለገባ ነው።

ከዚያ የመጽሐፉ አካሄድ ይታይ። ማዝ ዩ ሲ አንድ ርዕስ ይዞ እስኪያልቅ ይገፋል፤ አንዱ መጽሐፍ ማባዛት ብቻ፣ ቀጣዩ ማካፈል፣ የሚከተለው ክፍልፋይ። በየደረጃው 30 ትምህርት አለው፣ በሳምንት አንድ፤ ማብራሪያው በአጭር ቪዲዮ ስለሆነ ወላጁን ያሳርፋል። ጉዳቱ፣ ገና ማባዛት ላይ ያለ ልጅ የዓመቱ ፈተና ላይ የክፍልፋይ ጥያቄ ቢመጣበት አይቶት አያውቅም። በየዓመቱ ፈተና የሚያስፈትን ወላጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ። ሳክሰን ደግሞ ከየርዕሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ የቆየውን ይመላልሳል። 5/4 የሚባለው መጽሐፍ 120 ትምህርት አለው፤ ከየትምህርቱ በኋላ 30 ድብልቅ ጥያቄ ይመጣል። ከዚህ ደረጃ ጀምሮ መጽሐፉ የሚያወራው ለተማሪው ነው፣ የ12 ዓመቱ ራሱ አንብቦ ይሠራል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው የሳክሰን መጽሐፍ ግን ወላጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ተቀምጦ የሚያነበው ነው። ስለዚህ ለትልቁ ሳክሰን፣ ለትንንሾቹ ሌላ መያዝ ምንም ክፋት የለውም። «ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይያዙ» የሚለው ለመደርደሪያው ውበት ካልሆነ አይጠቅምም።

እርማቱ የዕለቱ ዕለት ይሁን። ሦስት ቀን ሳይታረም የቆየ የሳክሰን ደብተር ማለት ልጁ ተሳስቶ ከሆነ ያንኑ ስሕተት 90 ጥያቄ ላይ ተለማመደው ማለት ነው።

ሒሳቡን በአማርኛ ማስተማር ይቻላል፣ ጥሩም ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ መለኪያ ነው፤ ወላጁ ያደገው በሜትርና በኪሎ ነው፣ መጽሐፉ ኢንችና ፓውንድ ይላል። ሌላው ሰዓት ነው። የ7 እና የ8 ዓመት ልጅ ሰዓት ማንበብ በሚማርበት ሰሞን እናት ጠዋት «ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ተነሱ» ካለች ግድግዳው ላይ ያለው 9 ግራ ያጋባል። የአሜሪካውን እስኪጨብጥ ጠብቁና የእኛን በኋላ ጨምሩለት።

ንባብም እንዲሁ ነው። ለ5 ዓመቱ ፎኒክስ (ሆሄን ከድምፁ ጋር አገናኝቶ ማንበብ) በሥርዓት የሚያስተምር፣ የመምህር መመሪያው ወላጁ ምን እንደሚል ቃል በቃል የሚነግር ፕሮግራም ምረጡ፤ በተለይ እንግሊዝኛው ለወላጁ ሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ። ፊደል ቆጥረን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ የምንሠራው አንድ ስሕተት አለ፤ የእንግሊዝኛውን b «በ»፣ t «ተ» ብለን አናባቢ እንለጥፍባቸዋለን። ልጁም «ካት» የሚለውን ቃል «ከ-አ-ተ» ይለውና መግጠም ያቅተዋል። ድምፁ «ብ»፣ «ት» ተብሎ ተቆርጦ ይሰማ። እንግሊዝኛውንና ፊደሉን ባንድ ሳምንት አትጀምሩ። ባንዱ ሦስት ሆሄ ያለው ቃል ማንበብ ሲችል ሌላው ይግባ።

ፊደል ለሦስቱም ልጆች እኩል አዲስ ከሆነ ባንድነት ይጀምሩ። 33ቱ ተርታዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ቢኬድባቸው በ17 ሳምንት ያልቃሉ፤ ትልቁ ቀድሞ ከጨረሰ ታናሹን ያስቆጥር። ገበታውን በዜማ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የሚወርድ ልጅ «ጮ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ላያውቀው ይችላል፤ በየቀኑ አምስት ስድስት ፊደል ከመሐል እያወጣችሁ ጠይቁት።

የጋራው ትምህርት ላይ ታሪክ ዋና ምሰሶ ነው። የተለመደው የአራት ዓመት ዑደት ነው፦ ጥንት፣ መካከለኛው ዘመን፣ የቅርቡ ዘመን መጀመሪያ፣ ዘመናዊ። ሁሉም ልጆች በአንድ ዘመን ላይ ናቸው፤ አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከዚያ የ5 ዓመቱ ይሥላል፣ የ8 ዓመቷ የሰማችውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ትነግራችሁና ከእነሱ አንዱን ትጽፋለች፣ የ12 ዓመቱ ከላይብረሪ ተጨማሪ አንብቦ አንድ አንቀጽ ያዘጋጃል። ከሮም ጎን አክሱም እንዲገባ የሚያስገባው ቤተሰቡ ነው፦ በጥንቱ ዓመት መስቀል ያለበት የኢዛና ሳንቲም፣ በሁለተኛው ላሊበላ፣ በሦስተኛው ፋሲለደስ በ1636 የቆረቆሯት ጎንደር፣ በአራተኛው የ1896ቱ ዓድዋ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)። ሳይንስም እንዲሁ ባንድ ርዕስ ይሄዳል፤ ትልቁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ትራንስክሪፕት (የሁለተኛ ደረጃ የውጤት መዝገብ) እና ላቦራቶሪ ስለሚመጣ ለብቻው ይወጣል።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት የወላጁን የቀን ደቂቃ ደምሩ። የ5 ዓመቱ ንባብ 15፣ ቁጥር 15። የ8 ዓመቷ ሒሳብ 20፣ ንባብ 15፣ ጽሕፈት 15። የ12 ዓመቱ የሒሳብ ማብራሪያና እርማት 30፣ ጽሑፍ 15። 125 ደቂቃ፤ የጋራው 45 ሲጨመር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከትንሹ ጀምሩ፤ ትኩስ እያለ ይማርና ድርሻውን አግኝቶ ይጫወታል። ሦስት ሰዓቱ ከሌላችሁ ከጋራው ላይ ቀንሱ፣ ሒሳብና ንባቡን አትንኩ። ሳምንቱንም በአራት ቀን አስቡት፦ 36 ሳምንት በአራት ሲባዛ 144 ቀን ነው፣ የሳክሰን 120 ትምህርት ከነፈተናው ይገባበታል። አምስተኛው ቀን ለሐኪም ቀጠሮ፣ ለላይብረሪና ወደኋላ ለቀረው ነው።

ያገለገለ መጽሐፍ መግዛት ወጪውን በጣም ይቀንሳል። የመምህር መመሪያውና የማይጻፍበት መጽሐፍ ለታናሽ ይተላለፋል፣ የሚጻፍበት ወርክቡክ ግን ለየልጁ አዲስ ይገዛል፤ ለቤተሰብ ፎቶኮፒ ማድረግን የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አሳታሚዎች ስላሉ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ። ከሁሉ በላይ ሽፋኑ ላይ ያለውን እትም አይታችሁ ግዙ። ሲንጋፖር ማዝ ብቻውን በርካታ እትሞች አሉት፤ የአንዱ መመሪያ ከሌላው የተማሪ መጽሐፍ ጋር በገጽም በጥያቄም አይገጥምም፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ደረጃውን «3ኤ» ብሎ ብቻ ነው። ፎቶ ላኩልኝ በሉት።