ቀይ ሲበራ ሥራ የሚያስቆም ቴስት እንዴት ዘረጋሁ

በፍጥነት በሚለዋወጥ ሶፍትዌር ላይ በእጅ መፈተሽ የማያዛልቀው ሰው ስለሚሰንፍ አይደለም፤ ሂሳቡ ስለማይወጣ ነው። 40 ነገር መፈተሽ ቢኖርበትና እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ዙር 2 ሰዓት ይወስዳል። በቀን 5 ጊዜ አዲስ ኮድ ለሚለቅ ቡድን 10 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም የነካውን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ የሚሰበረው ግን ብዙ ጊዜ ያልተነካው ነው።

አውቶሜትድ ቴስት፣ ማለትም ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ፣ ሲያልፍ አረንጓዴ ሲወድቅ ቀይ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ከባዶ ስጀምር መጀመሪያ የከፈትኩት ኮዱን ሳይሆን የስህተት መዝገቡን ነው። የ6 ወር ብልሽቶችን በቦታቸው ስቆጥር ገንዘብ የሚሰላበት፣ ፈቃድ የሚረጋገጥበትና መረጃ የሚሰረዝበት ክፍል ቀዳሚ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ ያዝኩ፦ ባግ (የኮድ ስህተት) ከመስተካከሉ በፊት ባጉን የሚያሳይ ቴስት ይጻፋል፣ ይሮጣል፣ ቀይ መሆኑ በዓይን ይታያል። ቀይ ሆኖ ያልታየ ቴስት ምንም ላይፈትሽ ይችላል። በጃቫስክሪፕት አዌይት («ውጤቱን ጠብቅ») የምትለዋን ቃል መርሳት ብቻ ይበቃል፤ ማረጋገጫው ሳይደርስ ቴስቱ አልቆ አረንጓዴ ይሆናል።

ቴስት የሌለው አሮጌ ኮድ ሲያጋጥመኝ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልነሳም። 30 ያህል እውነተኛ ግቤቶችን ስምና ስልክ አጥፍቼ አስገባና ውጤታቸውን በፋይል አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቴስቱ የሚጠይቀው ውጤቱ ተለውጧል ወይ ብቻ ነው። በመሀል ስህተት ባገኝ እንኳ እዛው አላስተካክለውም። ቅርጹን መቀየርና ባህሪውን መቀየር በአንድ ኮሚት (አንድ ላይ በሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) ከተደባለቁ ቀዩ ምልክት ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

ለስሌት ኮድ ደግሞ የተወሰኑ ቁጥሮችን ከመጻፍ ይልቅ ሁልጊዜ እውነት መሆን ያለበትን መጻፍ ይሻላል። 100 ለሦስት ሲካፈልና ሲጠጋጋ 33.33 ይደርሳል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 99.99 ነው፣ 0.01 ጠፋች። በሺህ የሚቆጠሩ የዘፈቀደ መጠኖችን እያስገባ «የክፍሎቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር እኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቴስት እንዲህ ያለውን ጉድለት ቶሎ ያወጣዋል።

ትልቁ ስህተቴ ዳታቤዙ ላይ ነበር። ምርቱ የሚሠራው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሆኖ ሳለ ቴስቶቹን ለፍጥነት ስል በኤስኪውላይት፣ ቀለል ባለ ሌላ ዳታቤዝ፣ አስሮጥኳቸው። ኤስኪውላይት የፎሪን ኪ ገደብን (አንድ ሠንጠረዥ የሚጠቅሰው ረድፍ በሌላው ውስጥ መኖር አለበት የሚለውን) ካላበሩለት በስተቀር አያስከብርም፤ 10 ፊደል ብቻ ይግባ የተባለበት ዓምድ ውስጥ 50 ፊደል ይቀበላል፤ በተለመደው አሠራሩ የቁጥር ዓምድ ውስጥ ጽሑፍም ያስቀምጣል። ፖስትግሬስ ሦስቱንም ይከለክላል። ቴስቱ አረንጓዴ፣ ምርቱ የተሰበረ ማለት ነው። መፍትሔው ምርቱ የሚጠቀመውን ያንኑ የፖስትግሬስ ቨርዥን በኮንቴይነር (ለብቻው በተነጠለ የማስሮጫ ከባቢ) ማስነሳት ነው። እያንዳንዱን ቴስት በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸኑ ወይም አብረው በሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች) ከፍቶ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ማድረግ፣ ማለትም ለውጦቹን መሰረዝ፣ ፍጥነቱን ይመልሳል። ኮዱ ራሱ ለውጡን በዳታቤዙ ኮሚት የሚያደርግበት (የሚያጸናበት) ቦታ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ሠንጠረዦቹን ባዶ ማድረግ ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ዋዣቂ ቴስቶች ነው፤ ኮዱ ሳይቀየር አንዴ ስለሚያልፉ አንዴ ስለሚወድቁት። ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። 200 ቴስቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ ያለምክንያት የሚወድቀው ከ200 አንዴ ብቻ ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር ንጹሕ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱ በውሸት ቀይ ይሆናሉ ማለት ነው። ያኔ ሰው ቀይ ሲያይ «እንደገና አስሮጠው» ማለት ይለምዳል፤ እውነተኛው ብልሽት ሲመጣም ያንኑ ይላል።

ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው። አንዱ «2 ሰከንድ ጠብቅ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ማሽኑ ሲጨናነቅ ያንሳል፣ ሳይጨናነቅ ጊዜ ያባክናል። በምትኩ የሚጠበቀው ነገር መድረሱን በየ50 ሚሊ ሰከንዱ እያየ እስከ 10 ሰከንድ የሚታገስ ፋንክሽን አስገባሁ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ኮዱ የማሽኑን ሰዓት በቀጥታ እንዳይጠይቅ፣ ሰዓቱ ከውጭ እንዲሰጠው አደረግሁ፤ ከዚያ ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ሲደመር፣ ፌብሩዋሪ 29 እና የዕለቱ መለወጫ እኩለ ሌሊት በፈለግኩት ቀን ይፈተናሉ። ሦስተኛው አንዱ ቴስት ሌላው በተወው መረጃ ላይ መደገፉ ነው። ይህን ለማጋለጥ ቅደም ተከተሉን በየዙሩ በዘፈቀደ መቀየርና የዘፈቀደውን መነሻ ቁጥር በሎጉ (በዙሩ መዝገብ) ላይ ማተም ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከሌለ የወደቀውን ዙር መድገም አይቻልም። የወደቀን ቴስት በራሱ እንደገና እንዲሮጥ ማድረግን አልመክርም፤ ሁለት ሂደቶች የሚሽቀዳደሙበትን የምርቱን የራሱን ባግ ይሸፍናልና። ዋዣቂ የሆነውን ከዋናው ዙር አውጥቼ የኃላፊ ስምና የአንድ ሳምንት ቀነ ገደብ እሰጠዋለሁ። ካልተስተካከለ ይሰረዛል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ጣሪያዬ 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ውጤቱን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ከፑሽ (ኮዱን ወደ ጋራ ማከማቻው ከመላክ) በፊት የሚሮጡት ከ1 ደቂቃ በታች፣ ከመርጅ (ከዋናው ኮድ ጋር ከማዋሐድ) በፊት የሚሮጡት ሁሉም። ሥራውን ለ4 ማሽን ሳካፍል መጀመሪያ በቴስት ብዛት ከፈልኩት፤ ሦስቱ ጨርሰው አንዱን ሲጠብቁ ታየ። መከፋፈል ያለበት ባለፈው ዙር በወሰደው ጊዜ ነው። ብራውዘር የሚከፍቱ ቴስቶች ዘገምተኞች ስለሆኑ እንደ መግባት፣ መክፈልና መሰረዝ ላሉ ዋና ዋና መንገዶች ብቻ ተዋቸው።

ሁለት ብራንቾች (ጎን ለጎን የሚሠራባቸው የኮድ ቅጂዎች) ለየብቻቸው አረንጓዴ ሆነው ሲገናኙ ሊሰበሩ ይችላሉ። አንዱ የፋንክሽኑን ስም ይቀይራል፣ ሌላው በአሮጌው ስም አዲስ ጥሪ ይጨምራል፤ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውና የሚያዋሕደው መሣሪያ) ግጭት አያይም። ስለዚህ የመርጅ ወረፋ አስፈለገ፦ የሚፈተነው ብራንቹ ሳይሆን ከዋናው ጋር ከተዋሐደ በኋላ የሚወጣው ነው።

ሞክ (እውነተኛ አገልግሎትን መስሎ የሚመልስ ኮድ) ላይም ጥንቃቄ ይሻል። የክፍያ አገልግሎትን የሚተካ ሞክ ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ብሎ ከመለሰ የሚፈተነው የራሳችን ግምት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአሪያን 5 ሮኬት ከተነሳ 40 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ የጠፋው ከአሪያን 4 የተወረሰ ኮድ ባለ 64 ቢት ቁጥርን በ16 ቢት ለማስቀመጥ ሞክሮ ስላልቻለ ነው፤ ኮዱ በአዲሱ ሮኬት የበረራ መስመር መረጃ አልተፈተነም ነበር። ለዚህ ነው በየሌሊቱ ወደ አገልግሎቱ የመሞከሪያ ሰርቨር እውነተኛ ጥያቄ የሚልኩ ጥቂት ቴስቶችን የጨመርኩት። ታይምአውትም (የመልስ መጠበቂያ ጊዜ ማለቅ) ይፈተን፤ መልስ አልመጣም ማለት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም። አንድን ጥያቄ በአንድ መለያ ቁጥር ሁለቴ ልኮ በዳታቤዙ አንድ ረድፍ ብቻ መኖሩን የሚያረጋግጠው ቴስት ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩና ውዱ ነው።

የሽፋን መቶኛ (ቴስቶች ያስሮጡት የኮድ ድርሻ) የትኛው ኮድ እንዳልተነካ ይናገራል እንጂ የተነካው መረጋገጡን አይናገርም። የስሌት ኮድ ላይ «ይበልጣል» የሚለውን «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» አድርጌ እቀይርና ቴስቶቹን አስሮጣለሁ። አንዳቸውም ቀይ ካልሆኑ ድንበሩ ላይ ያለው ቁጥር አልተፈተነም፤ ለእሱ ቴስት ጽፌ ምልክቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ።