የቡና ለቀማ ሰሞን ትምህርት ቤት

ሐዋሳ የሄደ ሰው ሐይቁ ዳር ዓሣውን በልቶ፣ ታቦር ተራራ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ ህዳር ላይ የሄድኩት ግን የጉድኝት ሱፐርቫይዘር የሆነ ጓደኛዬን ተከትዬ ገጠር ትምህርት ቤት ላይ ነው። ጉድኝት የሚባለው በአንድ አካባቢ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች የሚደጋገፉበት ስብስብ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በየትምህርት ቤቱ ይዞራል፣ ክፍል ገብቶ መምህሩን ያያል፣ ለወረዳው ሪፖርት ይጽፋል። መጓጓዣውን እንዴት እንደሚችለው እሱና ኪሱ ያውቃሉ።

በይርጋለም መስመር ሚኒባስ ያዝን። መገንጠያው ላይ ወርደን ሞተር ላይ ለሦስት ተጫንን። መንገዱ ቀይ አፈር፣ ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና ነው። ወገቤን አትጠይቁኝ።

ግቢው ውስጥ ሁለት ብሎክ አለ። አሮጌው የጭቃ ነው። አዲሱ የብሎኬት ነው። ማን እንደሠራው ጠየቅኩ።

«ወላጅ ነው» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

«ወረዳውስ?»

«ወረዳው ደመወዝ ይከፍላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ወረዳው ለጤናም፣ ለግብርናም፣ ለትምህርትም ያካፍላል። ለትምህርት ከደረሰው አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣ የትምህርት ቤት ድጎማ አለ፤ ጠመኔ ተገዝቶበት፣ ሰሌዳ ተቀብቶበት ያልቃል። ሌላው የሚሸፈነው በመዋጮ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ ነው ብሎ ነበር። ልክ ነው፣ ክፍያ ብሎ የጠየቀ የለም። ዘበኛው ግን ወር ሲደርስ ደመወዙን ይፈልጋል። ለእኔ ይሄ ነፃ ሳይሆን ስሙ የተለወጠ ክፍያ ነው።

ታች ክፍል ያሉት ልጆች በሲዳምኛ ሒሳብ እየተማሩ ነበር፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞልቶታል። ከፍ ያሉት ክፍሎች ዘንድ ስንደርስ ዴስኩ ባዶ ነው። መምህሯ ስም ትጠራለች፣ ከኋላ አንዱ «ለቀማ ሄዷል ቲቸር» ይላል። ሌላ ስም፣ ደግሞ ለቀማ።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው ነበርና ጋሼ፣ ልጆቹ ለምን ይቀራሉ አልኳቸው።

«የቀላ ቡና ቆይ ቢሉት ይቆያል? ደብተሩንስ የሚገዛው ማን ሆነና!»

መልስ አጣሁ። የትምህርት ዘመኑ መስከረም ላይ ይጀምራል፤ ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል። ሁለቱ በየዓመቱ ይጋጫሉ። ጓደኛዬ የለቀማውን ሳምንታት ዘግተን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እናካክስ የሚል ሐሳብ አንድ ስብሰባ ላይ አንስቶ ነበር። ካላንደሩ ከላይ የመጣ ነው ተባለ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ልጆቹ እንደሆነ አልመጡም፤ ክፍት ሆኖ መዋሉ የሚጠቅመው ለሪፖርት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ቅጹን መሙላት ጀመረ። የመቅረት ምክንያት የሚል ሰንጠረዥ አለው። ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር፣ ሌላ። ቡና አገር ላይ ተቀምጦ ቡና ለቀማን «ሌላ» ውስጥ ጻፈው።

«ምን ላድርግ፣ ቦታ የለውማ» አለኝና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።