የወታደር ፖስት ካርድ ሲገኝ መጀመሪያ ጀርባውን

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ወይም ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአያት ሳጥን የጣሊያን ወረራ ዘመን የወታደር ፎቶ ያለበት ፖስት ካርድ ሲወጣ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ፊቱ ላይ ነው። መቼና በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ነው።

የፎቶ ወረቀት ፋብሪካዎች ለካርድ የሚሆነውን ወረቀት ጀርባውን አትመው ይሸጡ ነበር። መሀሉ ላይ መስመር፣ በስተቀኝ ቴምብር የሚለጠፍበት ቦታ፣ አንዳንዴም የፋብሪካው ስም ይኖራል፦ ፌራኒያ የጣሊያን፣ ጌቫርት የቤልጅግ፣ ሊዮናር የጀርመን። ስሙ ወረቀቱ የተሠራበትን እንጂ ፎቶው የተነሣበትን አገር አይነግርም። "ፖስታ ሚሊታሬ" የሚል ማኅተም ከነቁጥሩ ካለበት ካርዱ በጣሊያን ጦር ፖስታ ቤት አልፏል። ፖስታ ቤቱ ከጦሩ ጋር ይንቀሳቀስ ስለነበር ቁጥሩን ብቻ ይዞ "ይሄ ድሬዳዋ ነው" ማለት ያሳስታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። የጣሊያን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው ዓመቱን በሮማ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ወሩ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ከሆነ በቁጥሩ ላይ 1922 ይደመራል። ሜይ 14 ተብሎ ዓመቱ በሮማ 14 ከተጻፈ 1936 ማለት ነው፤ በእኛ 1928። ጣሊያን ሐረር የገባው ሚያዝያ 30፣ ድሬዳዋ ደግሞ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጣሊያን ጦር ጀጎል በር ላይ ቆሞ "ሐረር፣ 1935" የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ዓመቱ ልክ አይደለም፤ ጽሑፉ ኋላ በግምት የተጨመረ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የተጻፈ "1928" ደግሞ የኛ አቆጣጠር መሆኑን ሳያረጋግጡ መመዝገብ ስምንት ዓመት ያህል ያዛባል።

ከዚያ ወደ ፊቱ። ኮሌታው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካለ የጣሊያን ንጉሥ መደበኛ ጦር ነው፤ በኮከቡ ፋንታ የፋሺስቶቹ የበትር እስርና መጥረቢያ ካለ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ የሚባለው የፋሺስት ሚሊሻ ነው። ረጅም ታርቡሽ ያደረገው አስካሪ (ለጣሊያን የተቀጠረ የቅኝ ግዛት ወታደር)፣ ነጭ ጥምጥም ያለው ደግሞ ዱባት የሚባለው ለጣሊያን የተሰለፈ የሶማሌ ወታደር ሊሆን ይችላል። ነጌቲቩ ተገልብጦ የታጠበ ፎቶም ያጋጥማል። መለያው ጠመንጃው ነው፦ የመዝጊያው እጀታ በስተቀኝ መሆን አለበት፤ በግራ ከታየ ምስሉ ተገልብጧል። በጎራዴ ግን አትፍረዱ፤ የአገራችን ሰው ጎራዴውን በቀኝ ይታጠቅ ነበር። ይህን የማያውቁ የውጭ ሻጮች ትክክለኛውን የአርበኛ ፎቶ "አስተካክለው" ገልብጠው ሊያሳትሙት ይችላሉ።

የተባዛውን ከዋናው ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ይበቃል። ነጠብጣብ ከታየ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ በጊዜው የታተመም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አትጣሉት። እውነተኛው ፎቶ ጥላው ያለ ነጠብጣብ ይፈስሳል፤ ዘንበል አድርገው ብርሃን ላይ ሲያዩትም ጥቁሩ ክፍል፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ ሰማያዊ የቀላቀለ የብር ጭላንጭል ይሰጣል። ይህ በፎቶው ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ የፈጠረው ነው፣ አይጠረግም። ሐሰተኛ የገንዘብ ኖት የሚፈተሽበት መብራት ሌላው መሣሪያ ነው፤ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ወረቀት ላይ ማንጫ ኬሚካል መግባት ስለጀመረ አዲሱ ወረቀት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ የጦርነቱ ዘመን ወረቀት ደብዘዝ ብሎ ይቀራል።

አያያዙ ላይ ድሬዳዋና ሐረር ለየቅል ናቸው። ድሬዳዋ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በቆርቆሮው ሥር ቁም ሳጥን አናት ላይ የተቀመጠ ካርድ ይደርቃል፣ ይጠቀለላል፣ ሲዘረጉት ይሰነጠቃል። ሐረር በክረምት የድንጋዩ ግድግዳ ርጥበት ይይዛል። ምስሉን የያዘው ሽፋን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ስለሆነ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ በመስታወት የታሰረ ከሆነም መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ከተጣበቀ በምላጭም በውኃም አትሞክሩ፤ ከነመስታወቱ ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡት። ለማስቀመጫ የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር ፕላስቲክ ኪስ ይሁን። ሽታው ጠንከር ያለውን ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ተዉት። ስኮች፣ ኮላና ራሱ የሚለጠፍ አልበም አይሆኑም። ስካኑ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ከሆነ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ያለው ካርድ ወደ 2100 በ3300 ፒክስል ይወጣል፣ ለማተምም ይበቃል።

ሻጩ ወይም ቤተሰቡ የሚናገረውን ስም፣ የጦር ክፍልና ቀዬ እዚያው በወረቀት ጻፉ፤ ካርዱ ላይ መጻፍ ካስፈለገ ለስላሳ እርሳስ፣ ጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ። በእነዚህ ካርዶች ላይ የጣሊያኑ ስም ተጽፎ የአበሻው "አስካሪ" ወይም "ሽፍታ" ተብሎ ብቻ የቀረበት እጅግ ብዙ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲገኝ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆይ።

የተሰቀሉ አርበኞችን የሚያሳዩም ያጋጥማሉ። ወንጀሉን የፈጸሙት ራሳቸው ያነሡት ማስረጃ ስለሆነ መጥፋት የለበትም። ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ ለዋጋ ማሳያ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ፤ የሟቹ የልጅ ልጅ እዚሁ ከተማ ሊኖር ይችላል።